የቀሪዎች ዝርዝር

ሻዕባን 8፣ ቅዳሜ

እናቴ ሐሙስ ዕለት ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ግቢዋ ውስጥ ወደቀች። የዳሌ አጥንት ነው። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየና «በዚህ ዕድሜ ቢላ አናስነካም። ትተኛ። ሦስት ወር፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ» አለ። ዛሬ ጠዋት ከነፍራሿ በፒክአፕ አምጥተን ሳሎናችን ውስጥ አስተኛናት። ስሟ ደሃቦ ነው። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። እስካሁን ገላዋን ሰው አጥቦላት አያውቅም።

ዋርሳሜ ከጅቡቲ ደወለ። ባሌ ወደቡ ላይ ነው የሚሠራው፤ በሁለት ወር አንዴ እኛ ጋ ቦረማ ይመጣል። «እንዴት ልታደርጉ ነው?» ብሎ ጠየቀና ሳልመልስ ራሱ መለሰ። «ሳጋል አለች አይደል?»

አለች። ልጄ ሳጋል አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የመጨረሻ ክፍል ናት፤ ከዒድ በኋላ ሀገር አቀፍ ፈተና ትቀመጣለች። እኔ ደግሞ በሌላ ትምህርት ቤት ለመጨረሻ ክፍል ሴቶች ሂሳብ አስተምራለሁ። አርባ አንድ ናቸው፤ ያንኑ ፈተና ይቀመጣሉ። አንዳችን ቤት መቅረት ነበረብን።

ሳጋል ዛሬ ቀረች። አንድ ቀን ነው። ጊዜያዊ ነው።

ሻዕባን 10፣ ሰኞ

ቸኩያለሁ። ሳጋል የቁርሱን ላሆህ ጋግራ፣ እናቴን አገላብጣ፣ አንሶላውን አጥባ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ደርሳለች። ግማሽ ቀን ነው፤ እንደ መቅረት አይቆጠርም። ጉሌድ ሻዩ ቀዝቅዟል አለ። ጉሌድ የመጀመሪያ ልጄ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት። ትምህርቱ ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ይተኛል።

ሻዕባን 13፣ ሐሙስ

ከክፍሌ ስድስት ልጆች ቀርተዋል። ሁሉም በቤት ውስጥ ሥራ ምክንያት። አንዷ እናቷ ወልዳ፣ አንዷ አክስቷ ታማ፣ ሌሎቹ ዝም ብሎ። ለወላጆቻቸው ደብዳቤ ጻፍኩ። ደብዳቤውን ከሦስት ዓመት በፊት ያረቀቅኩት እኔ ነኝ፤ አሁን የከተማው ትምህርት ቤቶች በሙሉ ይጠቀሙበታል። «ልጅዎን ከትምህርት ገበታ ባስቀሩ ቁጥር የማይመለስ ነገር እየወሰዱባት መሆኑን በትህትና እናሳስባለን» ይላል። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው። ሠርቷል፤ ባለፈው ዓመት አሥራ አንድ ልጆች መልሷል።

ሳጋል ትናንትም ዛሬም አልሄደችም። እናቴ ሌሊቱን ስታቃስት ነበር፤ ለብቻዋ ልተዋት አልቻልኩም።

ሻዕባን 17፣ ሰኞ

ሠራተኛ ሞከርን። ከገጠር የመጣች ልጅ፣ ጨዋ። እናቴ የባዕድ እጅ እንዲነካት አልፈለገችም። «ራቁቴን ለማላውቃት ሴት አታሳዩኝ» አለች። ልጅቷ በሁለተኛው ቀን ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ሳጋል በር ላይ ቆማ ስታያት ነበር። ልጄ ድሮም ዝምተኛ ናት።

ሻዕባን 21፣ ዓርብ

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቤቱ ሁሉ ተኝቷል። ጊዜ አለኝ።

አንድ ነገር መጻፍ ፈልጌ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ እናቴ መንታ ወለደች። ደብተሬን ከእጄ ወሰደችና ከቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠችው። «ሕፃናቱ እስኪቆሙ ነው» አለች። ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። ስመለስ ከእኔ በታች ከነበሩ ልጆች ጋር ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ጠረጴዛው ሥር አይገባም ነበር። በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ይህን ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። ያለቅሳሉ። እኔ አላለቅስም፤ ትምህርት እንዲሆናቸው ነው የምነግራቸው።

ሳጋልም ሰምታዋለች። ትንሽ ሳለች «ሆዮ፣ እናቴ፣ የቁም ሣጥኑን ታሪክ ንገሪኝ» ትለኝ ነበር። እናት ሆኜ መጀመሪያ የማልኩት መሐላ ይህ ነበር፤ ሴት ልጄ ላይ እንዳይደርስ።

የእሷ ሁኔታ የተለየ ነው። ደብተሯን ማንም አልወሰደባትም። ወጥ ቤት ውስጥ ማንበብ ትችላለች፤ አይቻታለሁ፤ መጽሐፉን የዱቄት ጣሳው ላይ አስደግፋ።

ሻዕባን 24፣ ሰኞ

ሞዴል ፈተና ነበር። በሁሉም ትምህርት ቤቶች በተመሳሳይ ሰዓት፤ ዛሬ ሂሳብ። እኔ አዳራሹን እቆጣጠር ነበር።

ጠዋት እናቴ አተኮሳት። ሳጋልን «እስከ አራት ሰዓት ብቻ ጠብቂያት፤ ፈተናሽ አራት ተኩል ነው፤ ጉሌድ አራት ላይ ይረከብሻል» አልኳት። ጉሌድን ከአልጋው ቀስቅሼ ነገርኩት። «እሺ ሆዮ» አለ፣ ዓይኑን ሳይከፍት።

ስምንት ሰዓት ላይ ስመለስ ሳጋል የእናቴን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ እየነካች ነው። ዩኒፎርሟን ለብሳለች። ጫማዋንም አድርጋለች።

«ጉሌድስ?»

«ወጣ።»

«መቼ?»

«ሦስት ተኩል። ጓደኛው ሞተር ይዞ መጣ።»

«ለምን አልደወልሽልኝም?»

«ስልክሽ ዝግ ነበር። ፈተና ላይ ነበርሽ።»

ጎረቤት መጥራት ትችል ነበር። ይህን ነገርኳት። «አዎ፣ እችል ነበር» ብላ ጨርቁን እንደገና ነከረች።

የእኔ ተማሪዎች አርባ አንዱም ተገኝተዋል። በአምስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። ርዕሰ መምህራችን አመሰገነችኝ።

ሻዕባን 27፣ ሐሙስ

ረመዳን ሳይገባ ሰዉ ሁሉ እየዳረ ነው። የሥራ ባልደረባዬ የቀመር የእህት ልጅ ዛሬ ታገባለች። ሳጋልን «አንቺ ሂጂ፤ እናቴ ጋር እኔ እሆናለሁ» አልኳት። የራሴን ድሪእ አለበስኳት፤ ቢጫውን። ትከሻው ላይ ሰፋት። ከስታለች መሰለኝ፤ ወይም ልብሱ ነው።

ደስ ብሏት ትመለሳለች።

ሻዕባን 28፣ ዓርብ

ስልኬ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። ሦስት ሴቶች ያንኑ አንድ የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። ሠርጉ ላይ ሴቶቹ ከበሮ እየመቱ ቡራንቡር ሲሉ፣ አንድ በአንድ ተነስተው ሲገጥሙ፣ ሳጋል ተነሳች። ማንም አላስነሳትም ይላሉ። ግጥሙ ይህ ነው። ጆሮዬን ስላላመንኩት ነው የጻፍኩት፤

እናቴ ለሰው ልጅ እንባዋ አያልቅም፣
አጠገቧ አለሁኝ፣ እኔን አታይም።
እሳት ዳር ተቀምጬ አመድ እዝቃለሁ፤
አንዴ እንኳን በስሜ ብትጠራኝ፣ «አቤት» እላለሁ።
አንድ ሆድ አድረን፣ እኩል ጡት ጠብተን፣
እሱን እንግዳ፣ እኔን አሽከር ማን አረገን?

እልልታ። ከዚያ አንዲት ሴት «የማን ልጅ ናት?» ስትል ይሰማል፤ ሌላዋ ስሜን ትናገራለች።

ሥነ ጽሑፍ የእኔ መስክ አይደለም። አራተኛው መስመር ረዝሟል፤ ይህ ለእኔም ይሰማኛል። ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር።

አልተቆጣሁም። ምሳ ላይ ስለ ሠርጉ ጠየቅኳት። «ጥሩ ነበር። ሥጋው በዝቶ ነበር» አለች። እኔም ስለ ሥጋው ጠየቅኳት።

ሻዕባን 29፣ ቅዳሜ

ወደ መምህራን ክፍል ስገባ አንዱ ስልክ ላይ የልጄ ድምፅ ነበር። አጠፉት። ቀመር ወንበር ሳበችልኝ። ሃያ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ሥነ ጽሑፍ ታስተምራለች፤ ሴት ወንዱ ይፈራታል።

«መምህርት ኤብላ፣ ልጅሽ አፍ አላት፣ ማሻአላህ» አለች።

«የእኔን ታሪክ ነው የገጠመችው» አልኩ። «ልጅ ሆኜ እናቴ ከትምህርት አስቀርታኝ ነበር፤ ታውቁታላችሁ። በእኔ ድምፅ ሆና ለአያቷ ነው የገጠመችው።»

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። አላሰብኩበትም ነበር። እንዲያውም እንዲያ ሊሆን ይችላል፤ ታሪኩን ደጋግሜ ነግሬያታለሁ።

«ለደሃቦ?» አለች ቀመር።

«አዎ።»

«በየትኛው ፊደል ነበር የገጠመችው?»

«አላስተዋልኩም። ሂሳብ ነው የማስተምረው።»

ጥቂቶች ሳቁ። ቀመር አልሳቀችም። ብርጭቆዬን ሞላችልኝና ስለ ፈተና ወረቀት ማውራት ጀመረች።

ረመዳን 1፣ ሰኞ

ሳምቡሳ፣ ስልሳ። ሾርባ። ሩዝ። የእናቴ ለብቻው፣ ያለ በርበሬ። ሳጋል ቀረች።

ረመዳን 3፣ ረቡዕ

የእናቴ እህት ልጅ ከሀርጌሳ ደወለችላት። በር ላይ ሆኜ የሰማሁት የእናቴን ብቻ ነው። «ግጥሙ ለእኔ?... ማን አለ?... ኤብላ አለች?» ከዚያ አዳመጠች። «እንግዲህ ኤብላ ካለች ነው።»

ስልኩን ደረቷ ላይ አስቀምጣ ወደ ግድግዳው ዞረች። መዞር እንደሚያማት አውቃለሁ።

ገብቼ መናገር ነበረብኝ። የማርማቸው ወረቀቶች ነበሩ።

ረመዳን 6፣ ቅዳሜ

እናቴ ሳጋል እንድታጥባት እንቢ አለች።

«ተያት፤ ጥናት አለባት» ትለኛለች።

«ታዲያ ማን ያጥብሽ?»

«ቆሻሻ አልገደለኝም።»

ሳጋል መታጠቢያውን ይዛ ቆማለች። ውሃው እየቀዘቀዘ ነው። «አያዮ፣ ምን አደረግኩሽ?» አለች። እናቴ እጇን ዘርግታ ጉንጯን ነካቻትና «ምንም። ሂጂ አንብቢ» አለቻት። ሳጋል ወደ እኔ ዞረች። እኔ ስለ ከሰሉ ጠየቅኳት፤ አልቆ እንደሆነ።

ሳጋል ለመምህራኑ የነገርኳቸውን አልሰማችም ይሆናል። ወይም ሰምታለች። ከዓይኗ መለየት አልቻልኩም።

ረመዳን 9፣ ማክሰኞ

ደብዳቤ መጣ፤ ከሳጋል ትምህርት ቤት። «ልጅዎን ከትምህርት ገበታ ባስቀሩ ቁጥር፣ የማይመለስ ነገር እየወሰዱባት መሆኑን በትህትና እናሳስባለን።» ከሥር በእጅ ጽሑፍ፦ ሞዴል ፈተና ያልተቀመጠች ተማሪ ለሀገር አቀፉ እንደማትመዘገብና ወላጅ ሐሙስ በአካል እንዲቀርብ።

ጉሌድ ነበር የተቀበለው። ጮክ ብሎ አነበበውና «ሆዮ፣ ይሄ ያንቺ አይደል እንዴ?» አለኝ።

የእኔ ነው። አንድ ነጠላ ሰረዝ ጨምረውበታል፤ አያስፈልግም ነበር።

ረመዳን 11፣ ሐሙስ

ሄድኩ። ወላጆች የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከጎኔ አንዲት ሻይ ሻጭ ሴት ነበረች፤ ልጇ በተመሳሳይ ጉዳይ። «አንቺም?» አለችኝ። «እኔም» አልኳት። «ርዕሰ መምህሩ ክፉ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?» አለች። «አይደለም፤ አውቀዋለሁ» አልኩ።

ርዕሰ መምህሩ ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሳ። አፈረ፤ ለእኔ ነው ያፈረው።

«መምህርት ኤብላ፣ እርስዎ ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር። አባትየው ይመጣል ብዬ...»

«ጅቡቲ ነው።»

«ልጅቷ ጎበዝ ናት። እርስዎ ያውቃሉ።»

«ዘጠኝ ቀን ነው የቀረችው» አልኩ። «እናቴ ወድቃ ነው።»

መዝገቡን አዞረልኝ። ስሟን በእርሳስ አስምሮበታል። ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ። ግማሽ ቀኖቹንም እሱ ሁለት ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሯቸዋል። አሥራ ስምንት።

ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ትክክል ነው።

«ባለፈው ዓመት ስብሰባ ላይ» አለ፣ ጠረጴዛውን እያየ፣ «ሴት ልጁን የሚያስቀር ወላጅ ምክንያት እንጂ ሰበብ አያጣም ብለው... አይ፣ ሰበብ እንጂ ምክንያት የለውም ነበር ያሉት። ጽፌው ነበር።»

«ሁለተኛው ነው።»

«አዎ።»

የሞዴሉን ሂሳብ ለብቻዋ ይፈትናታል፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን አንድ ቀን ብትቀር ስሟ ይሰረዛል። ይህን ፈርሜ ወጣሁ። ለሻይ ሻጯ «አይዞሽ፣ ይሰማል» አልኳት። እጄን ያዘችኝ። ላብ ነበረኝ፤ ጾሙ ነው።

ረመዳን 12፣ ዓርብ

የሆነውን ብቻ እጽፋለሁ።

ከጁምዓ በኋላ እናቴ ጠራችኝ። በሩን ዝጊው አለች። ዘጋሁት። ተቀመጪ አለች። ተቀመጥኩ።

«መንታዎቹን ስወልድ» አለች፣ «ሰላሳ አምስት ዓመቴ ነበር። አባትሽ ከግመሎቹ ጋር ሐውድ ግጦሽ ላይ ነበር። ወተቴ ለአንዱ እንጂ ለሁለቱ አይበቃም ነበር። ደብተርሽን ቁም ሣጥኑ ላይ ሳስቀምጥ እስከ ክረምቱ ድረስ ብዬ ነበር። ከዚያ ለመድኩሽ። እሱ ነው። ቤቱ ውስጥ መኖርሽን ለመድኩት። ስትመለሺም ደስ አላለኝም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ረመዳን ነው፤ እኔም ተኝቻለሁ፤ ይቅር በዪኝ።»

አርባ ስድስት ዓመት ይህን ለመስማት ፈልጌ ነበር። መልሴንም አዘጋጅቼ ነበር፤ በየጊዜው አሻሽዬዋለሁ።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አልኩ። ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆምኩ። ሳጋል አጥባ የሰጣችው አንሶላ በነፋስ ፊቴን መታኝ።

ረመዳን 13፣ ቅዳሜ

ራስ ምታት። ሳጋል ትምህርት ቤት ሄደች። እኔ ከሥራ ቀረሁ።

ረመዳን 17፣ ረቡዕ

አምስተኛ ቀኔ ነው ቤት ውስጥ። ርዕሰ መምህራችን ክፍሌን ለቀመር ደርባ ሰጥታታለች። ጠዋት ጠዋት ጉሌድ ውሃ ያሞቃል፣ እኔ እናቴን አጥባታለሁ። ቆዳዋ እንደ ወረቀት ነው። ወገቧ ላይ ቁስል ጀምሯል፤ ሳጋል በተከለከለችባቸው ቀናት የመጣ መሆን አለበት። ሳጋል ሳለች አልነበረም።

ቁስሉን እየጠረግኩ ሳለ ተናገርኩት። ፊቷ ወደ ግድግዳው ስለነበር ቀለለኝ።

«ሆዮ፣ ግጥሙ ላንቺ አይደለም።»

ጨርቁን ነከርኩ።

«ለእኔ ነው። መምህራን ክፍል አሳፈሩኝና ላንቺ ነው አልኩ። ዋሸሁ።»

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መሰለኝ። እየሳቀች ነበር፤ ዳሌዋን ስላመማት በአንድ እጇ አልጋውን ይዛ ትስቃለች።

«አንቺ ልጅ» አለች፣ «ዕድሜ ልክሽን ቁጥር ስትቆጥሪ ጆሮሽ ደነቆረ። እናቴ፣ አጠገቧ፣ እሳት፣ አመድ፣ አንድ ሆድ፣ እንግዳ... ሁሉም በምን ይነሳል?»

መስመሮቹን በልቤ ደገምኩ።

«በአ፣ በእ፣ በኤ! ለሰው ስትገጥሚ በስሟ ፊደል ነው የምትነሺው። ለደሃቦ ቢሆን በደ ነበር። ልጅቷ ስምሽን እየደጋገመች ጠርታሻለች፤ ኤብላ፣ ኤብላ፣ ኤብላ። አልሰማሽም?»

«ሌሎቹስ ሰምተዋል?»

«ቦረማ በሙሉ ሰምቷል።»

ቀመር ስለ ፊደሉ የጠየቀችኝን አስታወስኩ። ብርጭቆዬን እንዴት እንደሞላችልኝም።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት። «ሳጋልን ለምን ከለከልሻት?»

«እንድታጠና ነዋ። ሌላ መንገድ አላገኘሁም። አንቺ ‹እናቴ ደህና እስክትሆን ነው› ስትዪ ሰማሁሽ፤ እኔ ደግሞ ደህና የምሆን አይመስለኝም።»

ጨርቁን ጨመቅኩ። ሳህኑ ውስጥ ያለውን ውሃ ለመድፋት ተነሳሁ።

«ኤብላ» አለችኝ። «የዓርብ ዕለቱን ይቅርታ መልሼ አልወስደውም። እሱ ከግጥሙ ጋር አይገናኝም።»

ረመዳን 18፣ ሐሙስ

ከዐስር ሶላት በኋላ ከሳጋል ጋር ሳምቡሳ እየጠቀለልን ነበር። እሷ በሦስት እጥፍ ትዘጋለች፤ የእኔ ይከፈታል።

«ግጥሙን ሰማሁት» አልኩ።

«አውቃለሁ። ሃያ ቀን ሆነሽ።»

«ለአያትሽ ነው ብዬ ነበር።»

«እሱንም አውቃለሁ።» አንዱን ዘግታ ሌላ አነሳች። «ይቅርታ አልጠይቅሽም ሆዮ።»

«አልጠየቅኩሽም።»

«ብትጠይቂኝ ብዬ ነው።»

«አራተኛው መስመር ረዝሟል» አልኩ። ለምን ይህን እንዳልኩ አላውቅም።

ቀና ብላ አየችኝ። መጀመሪያ የምትቆጣ መሰለኝ። «አዎ» አለች፣ «እኔም ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ያወቅኩት።» የያዘችውን ሳምቡሳ ዘግታ፦ «ማሳጠር አልችልም። ከዚያ ውስጥ የማወጣው ቃል አላገኘሁም።»

ብዙ ልነግራት የሚገባ ነገር ነበር። «ከነገ ጀምሮ ወጥ ቤት አትግቢ» አልኳት። ልክ እንደ ቅጣት ወጣ። እሷም እንደ ቅጣት ነው የሰማችው፤ እጇን ቶሎ ጠርጋ ተነሳች።

ረመዳን 20፣ ቅዳሜ

ጉሌድን ሩዝ አስተማርኩት። «ሆዮ፣ ጓደኞቼ ቢሰሙ?» አለ። «ግጥም ይወጣልሃል» አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ ጋር ሳቀ።

ማታ ዋርሳሜ ደወለ። «ጉሌድ ያበስላል ይባላል፤ እውነት ነው?»

«አዎ።»

«ወንድ ልጄ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ብሏል፤ አልላኩልህም እንዴ?»

የግጥሙን ድምፅ ላኩለት። ያን ማታ መልሶ አልደወለም። እስከ ዛሬም ስለ ወጥ ቤት ጠይቆኝ የማያውቅ ሰው፣ ከአራት ቀን በኋላ ለሳጋል የመብራት ባትሪ ላከላት፤ ኃይል ሲጠፋ የምታጠናበት። ወረቀት አልነበረውም።

(የመጨረሻዎቹን መስመሮች ረመዳን 24 ነው የጨመርኩት።)

ረመዳን 26፣ ዓርብ

የሞዴሉን ሂሳብ ሰማንያ አራት አገኘች። ከእኔ አርባ አንድ ተማሪዎች ሠላሳ ስምንቱን ትበልጣለች። ወረቀቱን ለአያቷ ነው ያሳየችው፤ ማንበብ ለማትችለው። እኔ በኋላ ትራሱ ሥር አግኝቼ አየሁት። ስድስተኛው ጥያቄ ላይ የተሳሳተችው ሞዴሉ ሊቀርብ አንድ ሳምንት ሲቀረው በክፍል የተሰጠ ትምህርት ነው። ያኔ ቤት ነበረች።

ሸዋል 1፣ ረቡዕ

ዒድ። ሴቶቹ መጡ፤ ቀመርም። እናቴን ከበዋት ተቀመጡ። ከበሮ የለም፤ አንዷ የሻይ ትሪ ገልብጣ ትመታለች። «ሳጋል፣ በዪልን!» አሉ።

ሳጋል ሳይሆን እኔን ነው ሁሉም የሚያዩት። ለመናገር ሦስት ቀን ተለማምጄ ነበር። «ግጥሙ ለእናቴ አልነበረም» አልኩ። «ለእኔ ነበር።»

ቀመር አፏ ውስጥ ያለውን እስክትጨርስ ጠበቅናት።

«እናውቃለን፣ እህቴ» አለች። «ያንን ሐልዋ አቀብዪኝ።»

ሳቁ በግድግዳው ያልፍ ነበር። እናቴ ዳሌዬን፣ ዳሌዬን እያለች ትስቃለች። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ። ሳጋል ግን አልገጠመችም። «ዛሬ አልፈልግም» አለች፤ ማንም አላስገደዳትም። እየቆየሁ ሳስበው፣ በዚህ ቤት ውስጥ አልፈልግም ስትል የሰማኋት የመጀመሪያው ነው።

ሸዋል 15፣ ረቡዕ

በየዓመቱ እንደሚያደርጉት ለሀገር አቀፉ ፈተና ተቆጣጣሪ አድርገው መረጡኝ። አልችልም ብዬ ጻፍኩ። በምክንያት ቦታ ላይ «የቤት ውስጥ ሥራ» አልኩ። ቀሪ ተማሪዎቼ የሚጽፉት ነው። ሌላ ቃል ፈለግኩለት፤ የለውም።

ተማሪዎቼ ቅር ብሏቸዋል። አንዷ እያለቀሰች ቤት ድረስ መጣች። «ቀመር አለችላችሁ» አልኳት። ቀመር ሂሳብ አታውቅም አለችኝ። እውነቷን ነው። እነሱን መተዉ ያመኛል፤ ይህን በሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

የእናቴ ቁስል እየደረቀ ነው። አጥንቱ ግን አልያዘም።

ሸዋል 18፣ ቅዳሜ

ፈተናው ተጀመረ። ሳጋል አንድ ሰዓት ላይ ወጣች። በር ላይ ቆማ የእናቴን መድኃኒት ልትነግረኝ ጀመረች፤ ነጩ ከምግብ በፊት፣ ቢጫው በኋላ፣ ወደ ግራ ጎኗ ስትዞር ጉልበቷ መሐል ትራስ። «አውቃለሁ» አልኩ። «አዎ» አለች። ግን ጨረሰችው።

ረጅም ቀን ነበር። እናቴን ሁለቴ አጠብኩ፤ አንሶላ አጠብኩ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ወገቤ እንቢ ስላለኝ የዱቄት ጣሳው ላይ ተቀመጥኩ። ምንም ማንበብ አይቻልም ነበር። አንድ ገጽ እንኳን። እንዴት ታነበው እንደነበር አልገባኝም።

ጉሌድና እኔ ምሳ ስንሠራ ተጨቃጨቅን። ውሃው በዝቷል እላለሁ፤ አንሷል ይላል። ሳጋል ስምንት ሰዓት ላይ ገባች፤ ጣቷ ቀለም ነክቶታል፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ ብላ ነበር። ከዚያ ተወችው። ከድስቱ በጣቷ ቀምሳ፦

«ጨው ረስታችኋል» አለች።

ወጥታ ግቢው ውስጥ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀመጠች። እግሯን ዘረጋች። ዩኒፎርሟን እንኳን ሳትቀይር።

ጨዉን የት እንደምናስቀምጠው አላውቅም ነበር። ልጠራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ «ሳጋል፣ ጨዉ የት ነው» ልል። ጉሌድ እያየኝ ነበር። ዘጋሁት። ሦስት መደርደሪያ ፈትሼ አገኘሁት፤ ራሴ ጨመርኩ።

ጨዉ በዛ። ሳጋል ሳህኗን ጨረሰች።